ቀን ቆጣሪ

ከሃይደራባድ ዳር፣ ሩዝ ይበቅልበት ከነበረው ሜዳ፣
አርባ ፎቅ እየቆመ ነው፤ ከሥሩ እኛ፣ የሩቅ አገር እንግዳ።

እኔ ፒታባስ ነኝ፣ የበሩ ቀን ቆጣሪ፣
ለሰርዳሩ ታማኝ፣ ለደብተር አዳሪ።
ሰርዳር የምንለው ሰው ከየመንደሩ የለቀመን ነው፤
ደሞዛችንም፣ ዕዳችንም በእጁ ነው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀይ ደብተር ታቅፌ
ስንቱን ቀን ጻፍኩት፣ ስንቱን ቀን አልፌ።
«ሃያ ስድስት ቀን» ሲሉኝ «ሃያ ሁለት» ስል፣
ጣታቸውን አጥፈው ሲቆጥሩ በግል፣
«ደብተሩ ነው እውነት» ብዬ ስዘጋቸው፣
አንገት ደፍተው ሄዱ፤ ጣት ምን ሊረዳቸው?
አራቷ ቀን ደግሞ እንዲህ ትካፈላለች፦
ሦስቷ ለሰርዳሩ፣ አንዷ ለእኔ ነች።

ከዝናቡ በፊት መሐንዲሷ ሳራዩ መጣች፣
አንዲት ስልክ አውጥታ ምሰሶ ላይ አሰረች።
«ደብተሩ ይቀመጥ፤ ከዛሬ ጀምሮ
ይሄ ነው የሚቆጥር።» ሰርዳሩ ሳቀ፣ ጢሙን ቆንጥሮ።

መጀመሪያማ በጣት ነበር የተሞከረው፤
የጄማማኒን ጣት ግን ኖራ ልጦ ጨረሰው፣
መስመር የለው፣ ዙር የለው፣ የወንዝ ጠጠር ሆኗል፤
እሷ ጣቷን ታኖራለች፣ መሣሪያው «ማንም የለም» ብሏል።

እሺ፣ በፊት ይሁን ተባለ።
ፊቷም ፊት አይደል፣ የሲሚንቶ ጭንብል፤
ስልኩ አየት አደረጋት፦ ቀይ መስቀል፤ ደግሞ ቀይ መስቀል።
ሰልፉ ረዘመ፤ ዱኪሽያም ከኋላ አጉረመረመ።
በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ባሰበት፣ ተለሰነ።
ያኔ የመጠጥ ውሃዋን፣ የቀኑን ሙሉ፣ ቀዳች፤
ሁለት እፍኝ። ግንባሯን፣ ቅንድቧን አጠበች።
አረንጓዴ በራ።
ድምፅም ወጣ ከስልኩ፣ በኦዲያ፣ በእናቷ ቋንቋ፦
«ጄማማኒ፣ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀንሽ ነው።»

ዞር አለች፣ ማን ጠራኝ ብላ።
በዚህ ግቢ ስሟ «አንቺ»፣ ሲሻው «ሃያ ሰባት ቁጥር»፣
ሲሻው «ጡብ» ነበር እንጂ ማን በስሟ ይጠራት ነበር?

እኔ ግን አውቃት ነበር።
ልጇ ሌሊት ሲያስል፣ ስታጠባው በጡብ ጥላ፣
ባሏ የወደቀ ዕለት፣ አንድ ጫማው ሲቀር ኋላ፣
አውቃት ነበር።
አውቃት ነበር፤ እሰርቃት ነበር።
ስልኩ አያውቃትም፤
ስልኩ አይሰርቃትም።
ይቺን ሳላምጥ ሳላምጥ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ ሆነች።

እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ስልኮች በየኪሱ ይንጫጫሉ፣
«አርባ አራት ዲግሪ፤ ሥራ ይቁም፤ ጥላ፤ ውሃ» ይላሉ።
ክሬኑ አንገቱን ይሰብራል፤ ሰርዳሩ ፀሐይን ይራገማል፤
ሰው በተከመረው ቱቦ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ይጋደማል።
አምና የዱኪሽያም ወንድም በዚሁ ሰዓት ተዝለፈለፈ፤
ሙቀቱ ነው የገደለው።
እኔም በደብተሬ፣ በቀይ እስክርቢቶ፣
«ግማሽ ቀን» ብዬ ጻፍኩት።

በዚያ ቱቦ ጥላ ነው ጄማማኒ የጠየቀችኝ፣
ስልኩን በዚያ መስመር አልባ ጣቷ እያሳየችኝ፦
«ይሄ ነገር የድሮውን ቀኔን ያውቀዋል?»
«አያውቅም» አልኳት። «የድሮው እኔ ነበርኩ።»
«እንግዲያ» አለች፣ የቱቦውን ጠርዝ በጥፍሯ እየፋቀች፣
«የሚጠየቀው አንተ ነሃ።»
አልጮኸችም። ሰዓቱ ሲደርስ ተነስታ ተሸከመች፤
ዘጠኝ ጡብ፣ በራሷ ላይ።

ማታ በቆርቆሮዋ ቤቴ ደብተሩን ከፍራሽ ሥር አወጣሁ፤
የሷን ገጽ ገለጥኩ፤ በየወሩ አራት፣ በየወሩ አራት፤
የሦስት ዓመቱ መቶ አርባ አራት ቀን።
ስልኩ ላይ «ማረሚያ» የሚል አለ፤ ነካሁት፤ ቀኖቹን ሞላሁ።
ከታች ባዶ ሳጥን፤ «ምክንያት» ይላል።
ጭረቷ ትበራለች፣ ትጠፋለች፤ ትበራለች፣ ትጠፋለች።
«ዝናብ» ብለው ያምናል። «ሕመም» ብለውም ያምናል።
እንደ ደብተር ነው እሱም፤ የጻፉበትን ያምናል።

ጻፍኩ፦ «ቀን ቆጣሪው ሌባ ነበር።»
ላክሁት።

በዚህ በኩል ኔትወርኩ ደካማ ነው፤
ክቧ እየዞረች ነው፣
እስካሁን እየዞረች።